ቡሬ ያልደረሰው የጋዜጣ ጥሪ፦ በሌለበት የተፈረደበት እህል ነጋዴ ጉዳይ

አዲስ አበባ ላይ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ ቡሬ ከተማ ውስጥ መጋዘን አሳሸገ። የመጋዘኑ ባለቤት ክስ እንደቀረበበት የሰማው ያን ዕለት ነው። ውሳኔው በኋላ ተነሥቶ ክርክሩ እንደገና ተከፈተ፤ በስምምነትም አለቀ። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ጎጃም ተቀምጦ ከአዲስ አበባ ጋር የሚገበያይን ማንኛውንም ሰው ሊገጥመው ስለሚችል ነው። በመካከሉ የባከነው ጊዜና ገንዘብም አብዛኛው መዳን የሚችል ነበር። የተከራካሪዎቹ ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩና ምድብ ችሎቱ እዚህ አልተጠቀሱም።

ዳራው

ተከሳሹ በቆሎና ጤፍ ከገበሬ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚያስጭን ነጋዴ ነው። መኖሪያ ቤቱም፣ መጋዘኑም፣ የንግድ ፈቃዱም ቡሬ ናቸው። ከሳሹ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚነግድ ገዢ ነው። ሁለቱ ለዓመታት በቃልና በስልክ ሲገበያዩ ቆይተው አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ላለ ግዢ በጽሑፍ ተዋዋሉ፦ 600 ኩንታል በቆሎ፣ በኩንታል 3,100 ብር፣ በድምሩ 1,860,000 ብር። ገንዘቡ በቅድሚያ በባንክ ገባ፤ ርክክቡ አዲስ አበባ እንዲሆን ተስማሙ።

ነጋዴው 410 ኩንታሉን በአንድ ተሳቢ መኪና አስጭኖ ላከ፤ የገዢው መጋዘን ሠራተኛም ፈርሞ ተረከበ። ቀሪው 190 ኩንታል ሳይጫን መንገዱ ተበላሸ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ በየጊዜው ይዘጋ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለወራት ተቋርጧል። ሻጩ መንገድ ሲከፈት እልካለሁ ይላል፤ ገዢው ደግሞ የበቆሎ ዋጋ ስለጨመረ ለሌላ ሸጦብኛል ብሎ ጠረጠረ። ነገሩ ከረር ብሎ ስልክ መነሣሣት ቀረና ገዢው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

ክሱ አዲስ አበባ መቅረቡ ስሕተት አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ከውል የሚነሣ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል። የገንዘቡ መጠንም በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ውስጥ ነው፤ ይህ ነጥብ በኋላ የራሱን ጣጣ ስላመጣ ወደ እሱ እንመለስበታለን።

ጥሪው እንዴት ጋዜጣ ላይ ወጣ

ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ያዘዘው መጥሪያ በመደበኛው መንገድ እንዲደርስ ነው። ከሳሹ መጥሪያውን ከሬጅስትራር ወስዶ ከሁለት ቀጠሮ በኋላ «ተከሳሽ ሊገኝ አልቻለም» የምትል አንዲት መስመር የተጻፈበት ወረቀትና አጭር ቃለ መሐላ አቀረበ። በወረቀቱ ላይ የወሰደው ሰው ፊርማ አለ። የቀበሌ ማኅተም፣ የምስክር ስም፣ የተኬደበት ቀንም ሆነ የተፈለገበት ቤት አልተጠቀሰም። ችሎቱ ያንን ተቀብሎ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 105 መሠረት መጥሪያው በምትክ ዘዴ፣ ማለትም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥሪ ተደርጎ እንዲደርስ አዘዘ።

ጥሪው የወጣው በውስጠኛ ገጽ፣ ከብዙ መሰል ጥሪዎች መካከል፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም በማይበልጥ ሳጥን ውስጥ ነበር። የተከሳሹ ስምና የአባቱ ስም ተጽፏል፤ የአያቱ ስም ተዘልሏል። አድራሻ በሚለው ቦታ «ያልታወቀ» ይላል። ከዚያ ቀጠሮው ቀንና ሰዓት ተጠቅሶ፣ ባይቀርብ ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ውሳኔ እንደሚሰጥ ተነግሯል። የተጓደለው ነገር ያለው ጋዜጣው ላይ ሳይሆን መዝገቡ ውስጥ ነበር። ከሳሹ ራሱ ከክሱ ጋር አያይዞ ያቀረበው ውል ሁለተኛ ገጽ ላይ የሻጩ ከተማ፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር በእጅ ጽሑፍ ሰፍሮ ነበር።

ተከሳሹ በቀጠሮው አልቀረበም። ችሎቱ በቁጥር 70 መሠረት ጉዳዩን በሌለበት አየ። ፊቱ የነበረው ማስረጃ ውሉና የባንኩ ደረሰኝ ብቻ ስለሆነ፣ ነጋዴው ሙሉውን 1,860,000 ብር ከ9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር እንዲመልስ ፈረደ። የተላከውን 410 ኩንታል ከሳሹ አላነሣም፤ ዳኛውም ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። በሌለበት የሚሰጥ ውሳኔ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ተከሳሹ ቀርቦ ቢሆን ክርክሩ ቢከፋ ስለ 589,000 ብር ብቻ ይሆን ነበር።

ነጋዴው ጉዳዩን ያወቀው ፍርዱ ለአፈጻጸም ወደ ጎጃም ሲላክ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ሠራተኞች በሐምሌ አጋማሽ መጥተው የመጋዘኑን በር አሸጉ፤ የትእዛዙን ግልባጭም አስፈርመው ሰጡት።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

በቀጣዮቹ ቀናት የተወሰዱት እርምጃዎች አብዛኞቹ አቅጣጫቸውን የሳቱ ነበሩ። እያንዳንዱ ግን ከጤናማ ግምት የመነጨ ስለሆነ ሌላ ሰውም ሊደግመው ይችላል።

የመጀመሪያው ፍኖተ ሰላም ሄዶ «ዕዳው ይህን ያህል አይደለም፤ 410 ኩንታል አስረክቤያለሁ» ብሎ መከራከር ነበር። ሚዛን ወረቀቱንና የጭነት ሰነዱን ይዞ ቀረበ። የአፈጻጸም ችሎቱ መልስ አጭርና ትክክል ነበር፦ ፍርድ የሚያስፈጽም ፍርድ ቤት ፍርዱን አይመረምርም። የተፈረደው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ወደ ፈረደው ፍርድ ቤት ወይም ወደ ይግባኝ ሰሚው ይሄዳል። ከአፈጻጸም ችሎቱ የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የጊዜያዊ እግድ ጥያቄ ነው። ነጋዴው ያን ቀን አልጠየቀውም።

ሁለተኛው ይግባኝ ነበር። ቡሬ ያለ አንድ ራፖር ጸሐፊ ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚቀርብ የይግባኝ ማመልከቻ አዘጋጀለት። መነሻው የሚታወቅ ሕግ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ፤ በዚህ ሥልጣናቸው በሰጡት ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚባለው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በጎጃም ብዙ የፌዴራል ጉዳይ የሚታየው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሰዉ ለምዶታል። እዚህ ግን የዞኑ ፍርድ ቤት የፈረደው ነገር የለም፤ የተላከለትን ያስፈጽማል እንጂ። ፍርዱ የአዲስ አበባው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነውና ይግባኙ የሚሄደው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። አንድ ትእዛዝ እጅ ሲገባ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን ፈረደ? ማን እያስፈጸመ ነው?» የሚለው ነው። መልሱ በትእዛዙ ራስጌና በመጀመሪያው አንቀጽ ይገኛል፤ ፈራጁ ፍርድ ቤት ከነመዝገብ ቁጥሩ እዚያ ይጠቀሳል።

ሦስተኛው ከድሮ ናሙና የተቀዳ ማመልከቻ ነው። ራፖር ጸሐፊው ስሕተቱ ሲነገረው ማመልከቻውን እንደገና ጽፎ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አደረገው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ «ገንዘቡ ከ500,000 ብር በላይ ስለሆነ ክሱ መታየት የነበረበት በከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው» የሚል የሥልጣን መቃወሚያ ጨመረበት። ይህ በአዋጅ ቁጥር 25/1988 ጊዜ የሚያስኬድ ክርክር ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ግን ጣሪያውን ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ መቃወሚያው ከመነሻው ውድቅ ነበር፤ ቀርቦ ቢሆን ዋናውን ነጥብ፣ የመጥሪያውን ጉድለት፣ ይሸፍነው ነበር።

አራተኛው የጠበቃ ጉዳይ ነው። የተማከረው ጠበቃ ፈቃዱ ከክልሉ የተሰጠ ነበርና አዲስ አበባ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር አይችልም። ምክሩ ጠቃሚ ነበር፤ ዋናውን መንገድ ያሳየውም እሱ ነው። ነገር ግን ነጋዴው የፌዴራል ፈቃድ ያለው ጠበቃ መፈለግ ወይም በሕጉ የተፈቀደለትን ዘመድ መወከል ነበረበት።

ያዋጣው መንገድ

ትክክለኛው በር የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ነው። በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት አመልክቶ ውሳኔው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ማስረዳት ያለበት ከሁለቱ አንዱን ነው፦ መጥሪያው በደንቡ እንዳልደረሰው፣ ወይም እንዳይቀርብ ያደረገው በቂ ምክንያት እንዳለው።

ጊዜው የሚቆጠረው ካወቀበት ቀን ስለሆነ ያን ቀን በማስረጃ መቸከል የሁሉም መጀመሪያ ነው። በዚህ ጉዳይ የአፈጻጸም ሠራተኛው ያስፈረመው ግልባጭ አዳነው። ቀኑ፣ ፊርማው፣ የሠራተኛው ስምና የፍርድ ቤቱ ማኅተም ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ነጋዴው ሲፈርም «ክሱንም ፍርዱንም ያወቅሁት ዛሬ ነው» ብሎ ከፊርማው ሥር በእጁ ጽፎ ነበር። ይህች አንዲት መስመር ሳትኖር ከሳሹ «ጋዜጣው የወጣ ዕለት አውቋል» ቢል ክርክሩ በቀላሉ አይታጠፍም።

ቀጥሎ የመዝገቡ ግልባጭ መጣ። ቁጥር 78 ላይ የሚጻፍ ማመልከቻ መዝገቡን ሳያዩ ከተጻፈ ባዶ ቅሬታ ይሆናል። ነጋዴው ለወንድሙ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ውክልና ሰጠው፤ ወንድምየው አዲስ አበባ ሄዶ ከመዝገብ ቤት የክስ ማመልከቻውን፣ ውሉን፣ «ሊገኝ አልቻለም» የሚለውን ወረቀት፣ ቃለ መሐላውን፣ የጋዜጣውን ቅጂ፣ ትእዛዞቹንና ፍርዱን በሙሉ አስገለበጠ። መዝገቡን በስም አስፈልጎ መጀመሪያ አላገኘውም። የተከሳሹ ስም በኮምፒውተሩ ላይ በሌላ «ሰ» ተመዝግቦ ነበር። በስም የሚፈልግ ሰው ስሙን በ«ሰ» እና በ«ሠ»፣ በ«ሀ» በ«ሐ» እና በ«ኀ»፣ በ«አ» እና በ«ዐ» እየለዋወጠ ማስፈለግ አለበት። የመዝገብ ቁጥር ካለ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ደግሞ መጋዘኑ ላይ በተለጠፈው ትእዛዝ ላይ ነበር።

ከግልባጩ ውስጥ ማመልከቻውን የተሸከመው ነጥብ ወጣ። ክስ ሲቀርብ አድራሻው ያልታወቀ የተባለው ሰው፣ አፈጻጸም ሲጠየቅ ከተማው፣ ቀበሌውና መጋዘኑ በየትኛው መንገድ ዳር እንዳለ ጭምር ተጽፎ ቀረበ። ሁለቱም ወረቀቶች የተፈረሙት በአንድ ሰው ነው። የሐራጁ ማስታወቂያ እንኳ በክልሉ በኲር ጋዜጣ እንዲወጣና ቀበሌው ላይ እንዲለጠፍ ተጠይቋል። ንብረቱን ለመሸጥ የሚያገለግል አድራሻ ለመጥሪያም ያገለግላል፤ ለዚህ ነጥብ ከከሳሹ በኩል በቂ መልስ አልተሰጠም።

ከማመልከቻው ጋር የተያያዙት ሰነዶች እነዚህ ነበሩ፦ ማኅተም ያለበት የአፈጻጸም ትእዛዝ፣ የቀበሌ ነዋሪነት ማረጋገጫ፣ ክሱ በቀረበበት ዓመት የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የውሉ ሁለተኛ ገጽ፣ ከሳሹ አድራሻውን አላውቅም ብሎ ቃለ መሐላ ከፈረመ በኋላ ለተከሳሹ የላከው «ቀሪውን መቼ ነው የምትጭነው» የሚል የስልክ መልእክት፣ ሚዛን ወረቀቱና ርክክብ የተፈረመበት የጭነት ሰነድ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መጥሪያን አያስረዱም። የገቡት ውሳኔው ቢነሣ የሚከራከርበት ቁም ነገር እንዳለው ችሎቱ እንዲያይ ነው። ሕጉ ይህን በግልጽ ባይጠይቅም በተግባር ሚዛን ይደፋል።

ቃለ መሐላው አጭር ነበር። መቼ፣ ከማን እጅ፣ የትኛውን ወረቀት ተቀብሎ እንዳወቀ ብቻ ይናገራል። ሰው ቃለ መሐላ ላይ ስለ ከሳሹ ክፋት መጻፍ ይወዳል፤ አይረዳም። ስለ መንገዱ መዘጋትና ስለ ኢንተርኔቱ መቋረጥም የተጻፈው በሁለተኛ ደረጃ፣ «መጥሪያው ደርሷል ቢባል እንኳ» በሚል አማራጭ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ተገቢ ነበር። በቂ ምክንያት ነበረኝ የሚለው ክርክር ቀድሞ ቢመጣ መጥሪያው መድረሱን ያመነ ያስመስላል።

እግዱ በሌላ በኩል ተኬደበት። ማመልከቻው አዲስ አበባ መግባቱን የሚያሳይ ቀን የተመታበት ቅጂ ተይዞ ፍኖተ ሰላም ተመለሱ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ የሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት በቂ ምክንያት ሲያይ፣ ዋስትናም አስጠርቶ ቢሆን፣ ባለዕዳው ወደ ፈረደው ፍርድ ቤት እስኪያመለክት አፈጻጸሙን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያቆም ይፈቅድለታል። ችሎቱ ሐራጁን አቆመ፤ እሽጉ ግን እንደ ዋስትና እንዲቆይ አደረገ። መጋዘኑ ውስጥ ሊበላሽ የሚችል እህል ነበርና በቆጠራና በጥበቃ እንዲወጣ ለብቻው ተጠይቆ ተፈቀደ። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ክርክሩ ሲያልቅ እህሉ ነቅዞ ይገኛል።

በመካከል የተለወጡ አሠራሮች

ማመልከቻው አዲስ አበባ ሲቀርብ በመጀመሪያው ቀን አልገባም። ምክንያቶቹ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም የፍርድ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው ነበር። አንደኛው፣ መዝገቡን ያየው ችሎት ከነመዝገቦቹ ወደ ሌላ ምድብ መዛወሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው። ፍርዱ ላይ የተጻፈው የድሮው ምድብ ስለሆነ ወንድምየው የሄደው ወደዚያ ነበር። ሁለተኛው፣ ማመልከቻ ከወረቀቱ በተጨማሪ በኮምፒውተር የተጻፈው ቅጂ በፍላሽ እንዲቀርብ የሚጠይቅ የሬጅስትራር ማስታወቂያ ነው። ቡሬ ላይ የተጻፈው ማመልከቻ ታትሞ ብቻ ነበር የተያዘው፤ ፋይሉ ራፖር ጸሐፊው ቤት ቀርቷል። እንደገና ማስጻፍ ግድ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ወሩ ነው። ትእዛዙ የደረሰው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሲሆን ፍርድ ቤቶቹ ነሐሴ ሲገባ ለክረምቱ እረፍት መደበኛ ችሎቶቻቸውን ዘጉ። ቤተ ዘመዱ «ችሎት ዝግ ስለሆነ ቀኑ አይቆጠርም» ብሎ እስከ ጥቅምት ሊያቆየው ነበር። ጠበቃው አልተቀበለም፤ ልክም ነበር። በእረፍቱ ጊዜ ተረኛ ችሎት አለ፤ የቀን ገደብ ያለበትን ማመልከቻ ማስገባትና ቀኑን ማስመታት ይቻላል። ክርክሩ ለጥቅምት ቢቀጠርም ማመልከቻው በወሩ ውስጥ ገብቷል። እረፍቱ ቀኑን ያቆማል ወይ የሚለውን ክርክር በራስ ጉዳይ ላይ መሞከር አያስፈልግም።

ከዚህ ጉዳይ በጉልህ የሚታየው ፍርድ ቤት ስለ አሠራሩ የሚያወጣው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት እንደሌለው ነው። አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና መጨረሻው አካባቢ ባሉት አንቀጾች ይገኛል፤ ቀድሞ በተጀመሩ መዝገቦች ላይ ምን እንደሚሆን የሚናገረው የመሸጋገሪያ ድንጋጌም እዚያው አጠገብ ነው። ናሙና የሚቀዳ ሰው እነዚህን አንቀጾች ብቻ ቢያነብ የ500,000 ብሩ ስሕተት አይደርስበትም ነበር። ከአዋጁ ሥር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያወጣቸው መመሪያዎች አሉ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ፣ የክልሎቹንም ጭምር፣ ያስገድዳል። የአንድ አንቀጽ ፊደል ሳይነካ አሠራሩ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ከሁሉ በታች ያለው የሰሌዳው ማስታወቂያ ነው። መብት አይፈጥርም፣ አይሽርምም፤ ነገር ግን ወረቀትህን የሚያስመልስብህ እሱ ነው። ለመንገደኛ ከፍ ያለውን ጉዳት የሚያደርሰውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ሰው የሚነገርበት መንገድ የለውም።

ሰሌዳውን ማንበብ የራሱ ዘዴ አለው። ወንድምየው ከመጀመሪያው መጉላላት በኋላ በሄደ ቁጥር የሬጅስትራሩን፣ የመረጃ ዴስኩንና የችሎቱን በር ማስታወቂያዎች በስልኩ ፎቶ እያነሣ ለጠበቃው ይልክ ጀመር። የሚፈለገው የሦስት ነገሮች መኖር ነው፦ ቀን፣ ማኅተም፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ቃል። ቀን የሌለው ማስታወቂያ የዛሬ ሦስት ዓመትም ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳ ላይ የቆየ ወረቀት የሚያነሣው ሰው የለም። እንዲህ ያለው ሲገጥም ሬጅስትራሩን መጠየቅ ነው።

ውጤቱ

ችሎቱ ጥቅምት ላይ ግራ ቀኙን ሰምቶ ውሳኔውን አነሣ። ምክንያት ያደረገው መጥሪያው በመደበኛው መንገድ እንዲደርስ በቂ ጥረት ሳይደረግ ወደ ጋዜጣ መታለፉን ነው። ስለ መንገዱና ስለ ኢንተርኔቱ የቀረበውን አማራጭ ክርክር መመርመር አላስፈለገውም። ከሳሹ እስከዚያ ያወጣውን የጋዜጣና የአፈጻጸም ወጪ በከፊል ነጋዴው እንዲከፍል አዘዘ፤ ቁጥር 78 ውሳኔው ሲነሣ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ግዴታ እንዲያያዝ ይፈቅዳል። ነጋዴው ቅር ብሎት ነበር። ሆኖም ያን ገንዘብ አልከፍልም ብሎ ይግባኝ ማለት ሌላ ወራት መጨመር ነበር፤ ከፍሎ ወደ ዋናው ክርክር ገባ።

የመከላከያ መልሱ ከገባ በኋላ ጉዳዩ በአዋጅ 1234/2013 ወደተቋቋመው የፍርድ ቤት መር አስማሚነት ተመራ። እዚያ ነገሩ በሁለት ቀጠሮ አለቀ ማለት ይቻላል። አስማሚው ፊት የጭነት ሰነዱ ሲቀርብ ከሳሹ የመጋዘን ሠራተኛውን ፊርማ አልካደም። ቀሪው 190 ኩንታል በውሉ ዋጋ ተሰልቶ 589,000 ብር በሦስት ጊዜ እንዲመለስ፣ ወለዱ እንዲቀር፣ እሽጉ የመጀመሪያው ክፍያ በገባ ዕለት እንዲነሣ ተስማሙ። ስምምነቱ በችሎቱ ተመዝግቦ እንደ ፍርድ የሚፈጸም ሆነ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ መዘንጋት የለበትም። አስማሚ ፊት የተፈረመ ወረቀት በችሎት ካልጸደቀ አንዱ ወገን ሲያፈገፍግ አዲስ ክስ ማስከፈቱ አይቀርም።

ያልተፈታም ነገር አለ። መጋዘኑ ታሽጎ በቆየባቸው ወራት ነጋዴው የመኸሩ እህል አልሰበሰበም። ለዚህ ኪሳራ ካሳ ለመጠየቅ አስቦ፣ ራሱም ውሉን በጊዜው ስላልፈጸመና ስምምነቱ ሌላ ጥያቄን ሁሉ ዘግቶ ስለተፈረመ አልተቻለም። ስምምነት ሲረቀቅ «ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄ የለንም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ምን እንደሚዘጋ ከመፈረም በፊት ማስላት ይገባ ነበር።

በሌላ ጉዳይ የሚያገለግለው

መጥሪያ የሚያደርስ ከሳሽም ከዚህ ይማራል። በጥድፊያ የተገኘ የጋዜጣ ጥሪ ኋላ ተመልሶ ፍርዱን ይዞ ይወድቃል፤ እዚህ ከሳሹ ከአንድ ዓመት በላይ ከለፋ በኋላ ወደ መነሻው ተመልሷል። ተከሳሹ ክልል ላይ ከሆነ መጥሪያውን በወረዳው ፍርድ ቤት ወይም በፖሊስ በኩል እንዲደርስ ማስጠየቅ፣ ካልተገኘም የተኬደበትን ቀን፣ የተጠየቀውን ጎረቤት ስምና የቀበሌውን ማረጋገጫ ማያያዝ ይገባል። ጋዜጣ ግድ ከሆነም ተከሳሹ በሚኖርበት አካባቢ የሚነበብ እንዲሆን ችሎቱን መጠየቅ ይቻላል። ለጎጃም ሰው በኲር ከአዲስ ዘመን ይቀርባል፤ የክልሉ ሬዲዮ ደግሞ ከሁለቱም ይቀርባል።

ክስ እንደሚመጣበት የሚጠረጥር ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም። አዲስ አበባ የታመነ ሰው ካለው በወር አንድ ጊዜ በሙሉ ስሙ፣ ከላይ በተባለው የፊደል አለዋወጥ፣ በፍርድ ቤቱ መረጃ ዴስክ ማስጠየቅ ይችላል። የሚጠየቀውም ውሉ የሚፈጸምበት ቦታና ከሳሽ ሊሆን የሚችለው ሰው የሚኖርበት ክፍለ ከተማ ታስቦ ነው።

የታሸገ በር ያገኘ ሰው ደግሞ በዚያው ሳምንት አራት ነገሮችን በዚሁ ቅደም ተከተል ያድርግ፦ ያወቀበትን ቀን በጽሑፍ ማስያዝ፣ ፈራጁን ፍርድ ቤትና የመዝገብ ቁጥሩን ከትእዛዙ ላይ መለየት፣ ግልባጭ ማውጣት፣ ከዚያ ቁጥር 78 ወይስ ይግባኝ ብሎ መምረጥ። ክርክሩ «አልተጠራሁም» ከሆነ 78 ነው። መጥሪያው ደርሶት ሳይቀርብ ቀርቶ ፍርዱ ግን በሕግ ስሕተት አለበት የሚል ከሆነ መንገዱ ይግባኝ ነው፤ የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ማስኬድ አንዱን በሌላው ያስዘጋል።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን ውሉ ሲጻፍ የሚጨመር አንድ አንቀጽ ነው። የቡሬው ነጋዴ አሁን በሚፈርማቸው ውሎች ላይ አድራሻው፣ ሁለት ስልክ ቁጥሮችና አዲስ አበባ ያለው የወንድሙ አድራሻ ይሰፍራሉ፤ ከውሉ የሚነሣ ማስጠንቀቂያም ሆነ መጥሪያ በእነዚህ እንዲደርስ፣ አድራሻ የለወጠም በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ተዋዋዮቹ ይስማማሉ። ውሉ በእያንዳንዱ ገጽ ይፈረማል፤ ዋናው አንዱ ቡሬ፣ አንዱ ወንድሙ ጋ ይቀመጣል።